እሺ ባዩ ብረት

ከቤታችን ጓሮ፣ ሰሪያ ባሕር ዳር፣
አንድ ብረት አለ እጅ ሲነሳ የሚኖር፤
ጎንበስ ይላል፣ ቀና፤ ጎንበስ ይላል፣ ቀና፤
የምድርን ጉሮሮ ሲምግ ኖሯልና።
ሰው «አህያ» ይለዋል፤ አባቴ ግን ቁጥሩን፣
«ሁለት መቶ ዐሥራ አራት» ይላል፣ እንደሚጠራ ሰው የበኩር ልጁን።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቅባት አጠጥቶታል፤
ሲያቃስት አድምጦ፣ የቱ ጋ እንዳመመው በጆሮው ለይቶታል።
ጡረታ ወጣ እንጂ፣ ዛሬም ሱብሒ ሰግዶ፣
በሸበጥ ጫማው እስከ አጥሩ ወርዶ፣
ቆሞ ያየዋል።
ያም ይነቀንቃል።

እኔ ኖራሲኪን፣ የመቱሲን ልጅ፣
የምህንድስና ዲግሪ ይዤ የቆምኩኝ ከደጅ፤
ደጅ ስጠና ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ፣
ፎቶዬ ከፎርሙ ላይ ወዙ እየተነነ።
ፀሐፊዋ ደግ ናት፤ ስሜን ታውቀዋለች፤
«እሺ፣ ነገ» ትላለች፤
ነገ ስሄድ ደግሞ፣ ሌላ ነገ ይዛ ትጠብቀኛለች።
ከራስጌዋ በላይ ምስል አለ፤ የተወለድኩበት ክፍል፣ የተማርኩበትም፣ ይኸው ፊት ነው ያለው፤
በሠላሳ ዓመት ውስጥ ክፈፉ ብቻ ነው የተለወጠው።

አይርበንም እኮ! ሐሜት አይሁንብኝ፤
ሩዙ በድጎማ፣ ሐኪሙ በነፃ፣ ቤቱም የመንግሥት ነው፤ ምን ጎደለ በሉኝ።
ጎርሶ ግን ማን ያወራል?
ጉርሻው ሲያንስ እንኳ አፍ ተዘግቶ ይኖራል፤
ልማድ ነው።

የሎው ኪም ሴንግ ሻይ ቤት ባለፈው ረመዳን በሩ ተቸነከረ፤
ሰባ ዓመት ኖሮባት፣ ወረቀቱ ላይ «አገር የለሽ» ብቻ ነበረ፤
ወንዙን ተሻገረና ሚሪ ላይ ድስቱን ጣደ።
ሐሙስ ማታ ታዲያ፣ ደመወዝ የያዘ ሁሉ ተከትሎት ሄደ።
እኔ ከገበያው አዳራሽ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ፤
ተንቀሳቃሹ ደረጃ ከቆመ ቆይቷል፤ በእግሬ እወጣለሁ።
በቀን ሦስት ሰው ይመጣል፤
ሁለቱ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቃል።

በዓመት አንድ ሰሞን ምክር ቤት ይቀመጣል፤
መራጩ አንድ ሰው ነው፤ ተመራጩ ይበዛል።
በቴሌቪዥን አየን፤ በጀት ሲነበብ፣ ዘንድሮም ጉድለት ሲጠና፣
ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና፤ ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና።
ሻዩን አፉ አድርሶ፣
«ቅባት ያንሳቸዋል» አለ አባቴ፣ ድምፁን ቀንሶ።

በመጋቢት አንድ ንጋት ዝምታ ቀሰቀሰን።
አባቴ ባዶ እግሩን ሮጠ፤ እኔም ከኋላው፤ አጥሩ ጋ ደረስን።
ብረቱ አንገቱን ሽቅብ ቀስሮ ቆሟል፤
ራሱ ላይ አንድ ወፍ ተዝናንቶ ተቀምጧል።
«እንቢ ያለ ይመስላል» አለኝ፣ ከንፈሩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ፣
ያን ቃል ለመናገር ግራ ቀኙን አይቶ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቢ እንዳለ ቆየ።
ከዚያ ኢዮቤልዩ ሆነና፣ እንግዳው የሚያልፍበት መንገድ ተለየ፤
ቀለም ቀቢ መጥቶ በንጉሥ ቢጫ ለቀለቀው፤
ሞተረኛ መጥቶ ሽቦ ቀጠለና አንገቱን ነቀነቀው።
በበዓሉ ማለዳ ሕዝብ ባንዲራ ይዞ አጨበጨበለት።
አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ እጄን ያዘና፣
«ባዶ ነው» አለኝ፤ «ጠብታ የለበት፤
ንፋስ ነው የሚምገው።»
ያን ሌሊት በሙሉ ሲነቀንቅ ነው ያደረው፣
አንዳች ሳይነቀንቅ።

በማግስቱ ቢሮ ጠሩኝ። ነገ መጣ ማለት ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ።
ሻይ ቀዳችልኝ ፀሐፊዋ፣ ብርጭቆው እስኪሞላ፤
«የሞተር ተቆጣጣሪ፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት፤ ቋሚ ነው፤ ጡረታ አለው።
እሺ ትያለሽ?»
ምስሉን አየሁት። ክፈፉ አዲስ ነው።
ጎንበስ አልኩ።
ቀና።

ለአባቴ አልነገርኩትም።
«እንዴት ዋልክ?» አልኩት ብቻ፣ ድምፄ እየተቆራረጠ፤
እሱም ጆሮውን ዘንበል አድርጎ፣
የቱ ጋ ባዶ እንደሆንኩ አዳመጠ።